መጀመሪያ ብዪ

የምሠራበት መዋዕለ ሕፃናት ከፒያሳ ወርቅ ቤቶች ጀርባ፣ መንገዱ ወደ እሪ በከንቱ ማዘቅዘቅ ከሚጀምርበት ላይ ነው። ቤቱ አሮጌ ነው። የእንጨት ወለሉ ትልቅ ሰው ሲረግጠው ያቃስታል፤ ልጅ ሲሮጥበት ግን ከበሮ ይሆናል። እኔ እዚህ ቤት የገባሁት አስተማሪ ሆኜ አይደለም። ልጆችን ሽንት ቤት የማደርስ፣ ምሳ ዕቃ የምከፍት፣ አፍንጫ የምጠርግ ሞግዚት ሆኜ ነው። ማስተማርን የተማርኩት አፍንጫ ስጠርግ ነው ብል አልዋሸሁም። አፍንጫው የሚጠረግለት ልጅ የትም አያመልጥም፤ ዓይን ለዓይን ትተያያላችሁ። ያን ጊዜ ሹክ የሚላችሁን ነገር ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ ብትጠይቁት አይነግራችሁም። የቀረውን ደግሞ መንገድ ዳር ከሚዘረጉ አሮጌ መጻሕፍት ላይ፣ ያልገባኝን እየዘለልኩ፣ የገባኝን ልጆቹ ላይ እያየሁ አነበብኩት። አንድ ጊዜ የሕፃናቱ ክፍል አስተማሪ አግብታ ስትሄድ ርዕሰ መምህርታችን “እስቲ አንቺ ያዣቸው፣ ሰው እስኪገኝ” አሉኝ። ሰው ሳይገኝ ቀረ። እኔው ሰው ሆንኩ።

በክፍሌ ውስጥ፣ በመስኮቱ ሥር፣ የእቃቃ ጥግ አለችን። ዕቃው የረባ አይደለም። የለስላሳ ቆርኪ፣ የቲማቲም ጣሳ፣ እጀታው የወለቀ ድስት፣ ከአሮጌ መጋረጃ የተረፈ አበባማ ጨርቅ። ጨርቁ አንድ ቀን ቤት ነው፣ አንድ ቀን ነጠላ ነው፣ አንድ ቀን የሙሽራ ቬሎ ነው። ወላጆች ያችን ጥግ አይወዷትም። አንዱ አባት አንገቱን በበሩ አስግጎ ካየ በኋላ፣ ቆርኪ ቤታችንም ሞልቷል፣ እኔ ልጄን የላክኋት ፊደል እንድትለይ ነው ብሎኝ ሄደ። ርዕሰ መምህርታችንም ክፉ ሴት ሆነው አይደለም፤ የወላጅ ኩርፊያ የሚያርፈው እሳቸው ቢሮ ነው። ጨዋታ ጥሩ ነው፣ ግን ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ይሁን ይሉኛል። ትምህርት ደግሞ መቼ አልቆ ያውቃል?

አንድ ቀን ልጆቹን ራሳቸውን ጠየቅኋቸው። ጨዋታ ምንድን ነው? ትምህርትስ? መጀመሪያ የመለሰችልኝ አባቷ የታክሲ ረዳት የሆነው ልጅ ናት። አፏ ከእድሜዋ ቀድሞ የደረሰ፣ ወንበር ባየች ቁጥር ደርድራ “አራት ኪሎ! አንድ ሰው! የሞላ!” የምትል ልጅ ናት። “ትምህርት ማለት ቲቸር ስታይሽ ነው” አለች፤ “ጨዋታ ማለት ሳታይሽ ነው።” ሌላው ደግሞ፣ ጨዋታ ሲያልቅ ያስለቅሳል፣ ትምህርት ሲያልቅ ደስ ይላል አለ። ሁሉም ሳቁ። አንዲት ልጅ ግን የቀሚሷን ጫፍ እየጠቀለለች ብዙ አሰበችና፣ “ጨዋታ ላይ የፈለግሽውን ማውራት ይቻላል” አለች። ለምን አልኳት። “አንቺ አይደለሽማ። የምታወሪው እናትየዋ ናት፣ ወይ ደግሞ ሐኪሟ።”

የምነግራችሁ የዚያችን ልጅ ነገር ነው።

እናቷ እዚያው ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ነበረች። ጧት ጧት ልጇን ስታመጣ በራችን ላይ ተንበርክካ የጫማዋን ማሰሪያ ታጠብቅላትና፣ “ማታ ምን እንደተጫወትሽ ትነግሪኛለሽ” ትላታለች። ስንት ወላጅ በዚያ በር ሲያልፍ አይቻለሁ፤ ሁሉም ማታ የሚጠይቀው ምን ተማርሽ ብሎ ነው። ምን ተጫወትሽ የምትለዋ እሷ ብቻ ነበረች። ልጅቷም ይህን ስለምታውቅ ቀኑን ሙሉ ለማታ ወሬ ስትሰበስብ ትውላለች። “ቲቸር፣ ይቺን ለእማዬ እነግራታለሁ” ትለኛለች፤ ቆርኪ ሙሉ ጭቃ ይዛ።

ከዚያ እናትየው ከሳች። የጫማውን ማሰሪያ አስራ ስትነሳ የበሩን መቃን መያዝ ጀመረች። ኋላም ልጅቷን የሚያመጧት አያቷ ሆኑ። ኬክ ቤቱም በዚያው ሰሞን ከነረድፉ ፈረሰ። ሰፈራችን እንደምታውቁት ሆኗል፤ በዚህ በኩል ሰፊ መንገድ ከነመብራቱ ወጥቶበታል፣ በዚያ በኩል ገና የቆሙት ቤቶች ተራቸውን ይጠብቃሉ።

አንድ ሰኞ ጧት ርዕሰ መምህርቷ ቢሯቸው ጠሩኝ። አያቷ ተቀምጠዋል። ቀይ ሹራብ ደርበዋል፤ ከሹራቡ ሥር ግን ጥቁር ቀሚስ ይታያል። ሹራቡን አውቀዋለሁ፤ የልጃቸው ነው። ከዚያ በኋላ ምንም ሳይነግሩኝ ሁሉም ገባኝ። ቅዳሜ ቀብረዋታል። ልጅቷን በቀብሩ ቀን ጎረቤት አውለዋታል፤ እማዬ ጠበል ሄዳለች ብለዋታል። “ገና ጨቅላ ናት፣ አትችለውም” አሉ አያቷ። “ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እኔው ቀስ ብዬ እነግራታለሁ። እስከዚያ ከእናንተ አፍ እንዳትሰማ። በእመቤቴ።” ርዕሰ መምህርቷ ማሉላቸው። እኔም ማልኩ።

ይህን ነገር ከእኛ ውጭ ያለ ሰው ላይረዳው ይችላል፤ እኛ ግን ክፉ ወሬ እንዲሁ መንገድ ላይ አንጥልም። መርዶ ሥርዓት አለው። ሰውዬው ከቤቱ መገኘት አለበት። ማታውን በልቶ፣ ጠጥቶ፣ እንቅልፍ ወስዶት ማደር አለበት። ዘመድና ጎረቤት ጎህ ሲቀድ ደጁ ላይ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌው ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ በሩ ይንኳኳል። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም አፉን ይዘጋል።

የታላቅ ወንድሜን መርዶ የሰማሁት እንደዚያ ነው። ቆሎዋን ቆጥራ የምትበላ ጎረቤት ነበረችን። ማታ ላይ አልጫ በሳህን ይዛ መጣችና አጠገቤ ተቀምጣ ታጎርሰኝ ጀመር። ጠገብኩ ብላት፣ “ብዪ እንጂ፣ ይቺን ብቻ” እያለች እስከ መጨረሻው ጠረገችልኝ። እኔ ደግሞ ዛሬ ምን ነካት፣ ጾም ሊገባ ነው እንዴ ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። ጧት የብዙ ሰው እግር ደጃችን ላይ ስሰማ ነው የአልጫው ነገር የገባኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው አጥብቆ ብዪ ሲለኝ ልቤ ይወርዳል። ሰርግ ላይ እንኳ።

ለሕፃን ግን ጎሁ አይቀድም። ትደግ፣ ትጠንክር፣ ትምህርቱ ይለቅ ይባላል። ጠበል ይባላል፣ ውጭ አገር ይባላል። ሲያድጉ ራሳቸው ይደርሱበታል፤ ማን እንደነገራቸው ሳያውቁ፣ ያለቀሱበትም ቀን ሳይኖር።

እንግዲህ እንዲህ ሆነን ሰነበትን። አያቷ ማታ ማታ ልጅቷን ሊወስዱ ሲመጡ ከበራችን አጠገብ ያለች ሱቅ ገብተው ጥቁር ሻርፓቸውን ያወልቁና ሹራቡን ይደርባሉ፤ ሲመለሱ ሻርፑን በፌስታል ይወስዳሉ። ለባለሱቁ አደራ የሚሰጡት ሻርፕ ቲማቲም ሳጥን ላይ ተጣጥፎ ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ልጅቷን ከእኔ ሲረከቡ ፈገግ ይላሉ፤ ፈገግታው ልክ እንደ ሹራቡ ይጠብባቸዋል። እኔም ከእሳቸው አላነስኩም። ልጅቷ ሥዕል ስላ ስታመጣልኝ፣ “ጎሽ! እማዬ ስትመጣ ታሳያታለሽ” እላታለሁ። ሀ ሁ ን ሳትሳሳት ስትጨርስ፣ “እማዬ ስትመጣ ትደነቃለች” እላታለሁ። እሷም ቀና ብላ ታየኛለች። አተያየቷ የልጅ አይደለም፤ ዘመድ ዘመዱን ሆስፒታል ሲጠይቅ የሚያየው ዓይነት ነው።

ቀስ በቀስ ደግሞ ለእኔ የተለየች ሆነች። ከብርቱካኗ ግማሹን ትሰጠኛለች። ቆሜ ካየችኝ ወንበር እየጎተተች ታመጣልኛለች። አንድ ቀን እጄን ይዛ፣ “ቲቸር፣ እናት አለሽ?” አለችኝ። “አለችኝ” አልኳት። እፎይ አለች። እኔም የእናት ናፍቆት ነው፣ ምስኪን፣ እኔን እናቷ ልታደርገኝ ነው ብዬ ሆዴ ባባ። ርዕሰ መምህርቷም፣ አያቷም፣ እኔም በዚህ ተስማማን። ልጅ ስትናፍቅ እንዲህ ታደርጋለች ተባባልን።

ከዕለታት አንድ ቀን ከሽንት ቤት ሁለት ልጆች ይዤ ስመለስ ክፍሌ ጸጥ ብሏል። የሕፃናት ክፍል ጸጥ ካለ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ገባሁ። አበባማው ጨርቅ በሁለት ወንበር መካከል ተወጥሮ ድንኳን ሆኗል። ልጆቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል፤ የወንዶቹ እግር ተዘርግቷል፣ የሴቶቹ ተጣጥፏል፣ ልክ እንደ ትልቅ ሰው። የታክሲዋ ልጅ ወረቀት ጠቅልላ የዕድር ጥሩምባ ትነፋለች። አንዱ በቆርኪ ንፍሮ ያድላል፤ ጠጠር ነው። መካከል ላይ እሷ አለች። አታለቅስም፣ አታወራም፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እንደ ሐዘንተኛ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ልጆቹ በተራ እየመጡ፣ “እግዜር ያጥናሽ” ይሏታል። እሷም “አሜን” ትላለች።

በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከኋላዬ ርዕሰ መምህርቷ መጥተው ኖሮ እሳቸውም አዩት። ፊታቸው አመድ ሆነ። ገብተው ድንኳኑን በአንድ እጃቸው ገፈፉት፤ ሟርት ነው፣ ለቅሶ አይጠራም፣ እዚህ ቤት ሁለተኛ እንዳላይ አሉ። ኮሪደር ላይ ተከትለውኝ ወጡ። “አያቷ አምነውን ነው የሰጡን” አሉኝ። “እኛ ድንኳን ተክለን ጠበቅናት። አንዱ ልጅ ከቤቱ ሰምቶ ቢናገርስ?” እኔም የፈራሁት ያንኑ ነው። ጨርቁ ቢሯቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆለፈበት። ቆርኪውም ጣሳውም ለጊዜው ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ ወጣ። የታክሲዋ ልጅ ወረቀቷን እየፈታች፣ “በቃ፣ ዕድራችን ፈረሰ” አለች።

ከዚያ ቀን በኋላ ልጅቷ ማነስ ጀመረች። ሌላ ቃል የለኝም። ምሳ ዕቃዋን ስከፍትላት ሽታውን ብቻ አሽትታ ትመልሰዋለች። ስሟን ስጠራ ሁለተኛው ላይ ነው የምትሰማው። ፊደሉን ታውቀዋለች፣ ትጽፋለች፣ ትቆጥራለች፤ ለወላጅ የሚታየው ሁሉ ደህና ነው። አያቷም “ጎበዝ ሆነችልኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ረሳችው መሰለኝ” ይሉኛል። እኔ ግን እቃቃ የተወች የአምስት ዓመት ልጅ አልወደድኩም። ክረምት ሩቅ ነው። እንዲህ እያነሰች ክረምት ላይ ስትደርስ ለመርዶው የሚተርፍ ልጅ ይኖር ይሆን እያልኩ ቤቴ ድረስ ከራሴ ጋር እሟገታለሁ። መሐላዬ ደግሞ አለ። የሰው ልጅ ነች፤ የእኔ አይደለችም።

ሰማዩ የከበደበት ቀን ነበር። ልጆቹ ከዝናቡ በፊት ይሩጡ ብዬ ግቢ ለቀቅኋቸው። እሷ አልወጣችም። እኔ የቤት ሥራ ሳርም፣ እሷ ወንበር ላይ ቆማ ከመደርደሪያው ድስቱንና አንድ ቆርኪ አወረደች። አየኋት፤ እንዳላየሁ ሆንኩ። ወጣ ብላ ከአጥሩ ሰፋፊ ቅጠል ቀጥፋ መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ ቅጠሉን ዘረጋች። ደስ አለኝ። ተጫወተች ብዬ እርሳሴን አስቀመጥኩ።

“ቲቸር፣ ብዪ” አለችኝ።

ከቅጠሉ ቆንጥሬ የበላሁ መሰልኩና፣ እንዴት ይጣፍጣል፣ ማን ነው የሠራው አልኳት።

“እንደዛ አይደለም። ጨርሺ።”

“ጠገብኩ እኮ የኔ ቆንጆ።”

“ይቺን ብቻ” አለች፤ በትንሽ ጣቶቿ ጠቅልላ እስከ ከንፈሬ አደረሰችልኝ። “ይቺን ብቻ ብዪ።”

ልቤ ወረደ።

ቅጠሉን እስከ መጨረሻው አስጨረሰችኝ። በቆርኪ ውኃ አጠጣችኝ። ከዚያ አሁን መሽቷል፣ ተኚ አለችኝ። ራሴን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁ። የወለሉን ድምፅ እሰማለሁ፤ እስከ በሩ ሄደች። ግቢው ውስጥ የታክሲዋ ልጅ አራት ኪሎ፣ አራት ኪሎ ትላለች። በሩ ላይ አንድ ትንሽ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። አንኳኳ። ተመልሳ መጣችና አንድ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች፤ እንዳልወድቅ ነው። ለካ ይህንንም አይታለች።

“ቲቸር፣ ነግቷል። ጠንከር በይ” አለችኝ። “እማዬ ጠበል አልሄደችም። እማዬ ሞታለች።”

ቀና አልኩ። ምን ዓይነት ፊት እንዳየች አላውቅም፤ የእኔን እንባ በእጇ ጠረገችው። አፍንጫዬንም በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችልኝ፤ እንደማደርግላት አድርጋ።

“ለአንቺ አልነገሩሽም” አለች። “ሁልጊዜ ስትመጣ፣ ስትመጣ ትያለሽ። አሳዘንሽኝ።”

ያን ሁሉ ቀን ብርቱካኗን የምታካፍለኝ፣ ወንበር የምትጎትትልኝ፣ ያን ሁሉ ቀን እንደዚያ የምታየኝ፣ መርዶ ያልተረዳሁ ሐዘንተኛ እኔ ሆኜ ነበር።

ቀስ ብዬ ጠየቅኋት። አክስቷ ከደሴ መጥታ ነበር፤ የእናቷ እህት። ማታ አያቷ ለአክስቷ አብልተው፣ አብልተው፣ ልጅቷ አጠገብ አስተኟት። ጧት ሰዎች ገቡ። “እኔ የተኛሁ መስሏቸው ነው” አለችኝ። ብርድ ልብሱን ተከናንባ፣ በጫፉ እያጮለቀች የአክስቷን መርዶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማች። ሽማግሌው ምን እንዳሉ፣ ማን ትከሻ እንደያዘ፣ ከዚያ አክስቷ እንዴት እንደጮኸች። ጩኸቱ ቀሰቀሳት ብለው ሲገልጧት ዓይኗን ጨፍና አገኟት።

“ለአያትሽ ሰምቻለሁ ለምን አላልሻትም?”

“አያቴ እኔ ፊት አታለቅስም። ካወቅሁ ግን ታለቅሳለች።” ትንሽ አሰበችና፣ “የእማዬን ሹራብ ለብሳዋለች። የሚመለስ ሰው ሹራብ እኮ አይለበስም” አለች።

“አንቺስ? አንቺ አላለቀስሽም?”

እንዲህ ያለ ጥያቄ ከትልቅ ሰው አይጠበቅም በሚል ዓይን አየችኝ።

“ለእኔ ገና አልነገሩኝማ” አለች።

ዝናቡ ጀመረና ልጆቹ እየጮሁ ገቡ። እሷ ቅጠሉን ሰብስባ ድስቱ ውስጥ ከተተችው።

ርዕሰ መምህርቷ ዘንድ ሄጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ስጨርስ ተነስተው ቁም ሳጥኑን ከፈቱና ያንን አበባማ ጨርቅ አውጥተው ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ሲያጥፉት፣ ሲዘረጉት፣ ሲያጥፉት ቆዩ። “ድንኳኑን የተከለችው ለእናቷ ነው” አሉ በመጨረሻ፤ “እኔ ነቀልኩት።” አይዞዎት አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል?

ማታ አያቷ ሊወስዷት ሲመጡ ልጅቷን በእኔ ቦታ ከገባችው ሞግዚት ጋር አስቀምጠን ሁለታችንም ነገርናቸው። ቆመው ሰሙን። መቀመጫ ስንሰጣቸው እንቢ አሉ። ቀይ ሹራቡን ከላይ እስከ ታች ቆለፉት፤ ደግመው ፈቱት። “ታዲያ የምታውቀውን ምን ብዬ ልንገራት?” አሉ።

“እንደ ሰው ይንገሯት፣ እማማ” አልኩ። “እንደ አክስቷ። እሷ የምትጠብቀው ያንን ነው።”

“ብትወድቅብኝስ?”

“እንይዛታለን።”

ልጅቷን እጇን ይዘው ወጡ። ሱቁ ጋ ሲደርሱ ግን ሻርፓቸውን ለመውሰድ አልገቡም፤ አልፈው ሄዱ። ባለሱቁ ጠራቸው፤ አልሰሙትም።

ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ወደ እሪ በከንቱ ወረድኩ። በፈረሰው በኩል አዲሶቹ የመንገድ መብራቶች ማንም ሳይኖር ይበራሉ። በአያቷ ደጅ ጥቂት ጎረቤቶች፣ አክስቷ፣ የንስሐ አባታቸው ቆመዋል። ርዕሰ መምህርታችንም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከእኔ ቀድመው መጥተዋል። አክስቷ በሹክሹክታ ማታ የሆነውን ነገረችኝ። የምትወደውን ፓስታ ሠርተውላት ነበር። አንድ ጎርሳ የሁሉንም ፊት በየተራ አየች። ከዚያ ያቺ ስንት ቀን እህል አልቀምስ ያለች ልጅ፣ ማንም ሳይለምናት፣ አንድም ሳታስቀር በላች። ውኃዋን ጠጣች። ተኚ ሳትባል ተኛች።

የንስሐ አባት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስንገባ ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። የትምህርት ቤት ልብሷን ለብሳለች፤ ጫማዋን ግራና ቀኙን አቀያይራ አድርጋለች። እጆቿ ጉልበቷ ላይ ናቸው። በደንብ አልነጋም፤ ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ፊቷን ብቻ ነው የሚያሳየው።

አያቷ ያለ ሹራብ ናቸው። ጥቁር በጥቁር ሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ቆሙ። የንስሐ አባት “ልጄ…” ብለው ሲጀምሩ አያቷ በእጃቸው ከለከሏቸውና ተንበረከኩ። ልጃቸው በራችን ላይ ትንበረከክ እንደነበረችው። የልጅቷን ጫማ ፈቱ፤ አስተካክለው አደረጉላት፣ ማሰሪያውን አጠበቁ። ከዚያ እናትሽ ጠበል አልሄደችም አሏት። ሞታለች አሏት። ቃሉን ሳይሸፋፍኑ፣ አንድ ጊዜ።

ልጅቷ እንደማታውቅ ሆና እስከ መጨረሻው ሰማች። አያቷ እስኪጨርሱ ጠበቀች። ከዚያ በአያቷ ትከሻ ላይ አሻግራ እኔን አየችኝ። ምን እንደምትጠይቀኝ ገባኝ። ራሴን ነቀነቅሁላት።

የወጣውን ድምፅ አልጽፈውም። ነገሩ ካለፈ በኋላ ጥሩ አደረግን ያሉኝ ሰዎች አሉ፤ ቀለላት፣ ወጣላት ይላሉ። እኔ እዚያ ነበርኩ፤ የቀለለ ነገር አላየሁም። ያየሁት፣ አንዲት ትንሽ ልጅ ለብቻዋ ይዛው የነበረውን ነገር መሬት ስታስቀምጠውና ሁላችንም ምን ያህል እንደሚከብድ ስናይ ነው። አያቷም ጮኹ፤ ፊቷ። ሁለቱም ተቃቅፈው፣ አንዷ ሌላዋን ይዛ፣ ማን ማንን እንደያዘ ሳይታወቅ። ጎረቤቷ ውኃ አመጣች። ውጭ መብራቶቹ ጠፉና ነጋ።

ወደ ትምህርት ቤት የተመለሰችው ለቅሶው ከበረደ በኋላ ነው። አያቷ ጥቁራቸውን ለብሰው፣ ሻርፓቸውን ሳያወልቁ አመጧት። በጠጉሯ ላይ ጥቁር ሪባን አለ። አበባማው ጨርቅ ጥጓ ላይ ተመልሷል፤ ቆርኪውም። የታክሲዋ ልጅ ወንበሮቹን ደርድራ ተሳፋሪ ስትጠራ ነበርና ገና ከበሩ አየቻት።

“የት ጠፍተሽ ነው አንቺ?”

“ለቅሶ ነበረብን።”

“የማን?”

“የእናቴ።”

ያቺ አፈኛ ዝም አለች። ዝም ስትል ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ፊተኛው ወንበር ዞር ብላ፣ እዚያ የተቀመጠውን ተሳፋሪ ወደ ኋላ እንዲሄድ አዘዘችው። ወንበሩን በእጅጌዋ ጠረገችው። “ነይ፣ ጋቢና ግቢ” አለቻት።

ልጅቷ ገብታ ተቀመጠች። ሹፌሩም ረዳቱም አንድ ሰው ነው፤ ሞተሩን በአፏ አስነሳች። ወዴት ነው አለቻት።

“በእማዬ ኬክ ቤት በኩል እለፊ” አለች ልጅቷ። “አንወርድም። ማለፍ ብቻ ነው።”

የፊደል ገበታው እጄ ላይ ነበር፤ ሰዓቱም የፊደል ነው። ርዕሰ መምህርታችን በኮሪደሩ ሲያልፉ በሩ ላይ ቆም አሉ፤ አዩን። በሩን ገርበብ አድርገውልን ሄዱ። እኔ ገበታውን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩና መጨረሻው ወንበር ላይ፣ ጉልበቴን ደረቴ ድረስ አጥፌ ተሳፈርኩ። ኬክ ቤቱ ከቆመበት ቦታ ምንም የለም፤ ሁላችንም እናውቃለን። ታክሲዋ ግን ደርሳ ቀስ አለች። ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፣ እስክናልፍ ድረስ አየች። ከዚያ፣ “በቃ፣ ንጂ” አለች።

በዓመቱ ማብቂያ የእነሱም ቤት ተራ ደረሰና አያቷ ይዘዋት ከከተማው ዳር ርቀው ሄዱ። ስትሰናበተኝ አንድ ቆርኪ እጄ ላይ አስቀምጣልኝ ነው የሄደችው። ባዶ ነው። ውኃ ነው አለችኝ። ጠጣሁት።